ሐይቁ ሐይቅ ነው

ዶክተር ኤሽማንን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አልወደድኩትም። እሱም ያውቀዋል። ማወቁ ብቻ ሳይሆን ደስ ይለው ነበር፤ ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ይሄ ነው።

ጦርነቱ ካበቃ ስድስተኛው ዓመት ነበር። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ዙሪክ ውስጥ በአንድ የሴቶች ልብስ መደብር የማስተካከያ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ በሥሬ አሥራ አንድ ሴቶች አሉ። በረዶው በከበደበት በዚያ ክረምት የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች፣ ጠቋሚውና የመሃሉ፣ አልታዘዝ አሉኝ። መርፌው ወለል ላይ ሲወድቅ እሰማለሁ እንጂ ከእጄ ሲወጣ አይሰማኝም። የአጥንት ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና ምንም የለብዎትም አለ። የነርቭ ሐኪሙ በመርፌ ወጋጋኝ፣ በመዶሻ መታታኝ፤ እሱም ምንም አላገኘም። በመጨረሻ መነጽሩን አወለቀና፣

"ሕልም ያያሉ?" አለኝ።

"የማያይ ሰው አለ እንዴ?"

አድራሻ ጽፎ ሰጠኝ።

የኤሽማን ቤት ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ራስ የሌላት ወፍራም ሴት የሸክላ ምስል አለች። ሰውየው ረጅም ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤ እግሩን አነባብሮ ሲቀመጥ የአንድ ጫማው ሶል ሁልጊዜ ወደ ፊቴ ነው።

"እንደ እርስዎ ያለ ሰው ብዙ አይመጣልኝም" አለኝ። "የሚመጡልኝ መጽሐፍ ያነበቡ ናቸው፤ ሕልማቸውም መጽሐፍ መጽሐፍ ይላል። እርስዎ ግን የተራራ ልጅ ነዎት። ከተማ ያላበላሸው ሕልም እፈልጋለሁ።"

"ከተማ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።"

"እርስዎ ገብተዋል፤ ሕልምዎ ገና አልገባም።"

ዕቃ ሲመርጡ አይቻለሁ፤ ሰው እንደዚያ ሲመረጥ ያየሁት ያኔ ነው። ሆኖም ጣቶቼን እፈልጋቸዋለሁ። በየጠዋቱ ያየሁትን ጽፌ በየሐሙሱ ልመጣ ተስማማን።

ከሕልሞቼ አንዱ የሚመላለስ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ አየዋለሁ። ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ነገርኩት። ከሰፈራችን ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ እወርዳለሁ። ውሃው ከራሴ በላይ እንደ ጣሪያ ተዘርግቷል፤ እኔ ግን አልረጠብኩም። ቤታችን ቆሟል፤ መስኮቶቹ አልተሰበሩም። በእጄ ጥንድ ጥቁር የሴት ጫማ ይዣለሁ። በሩ ተቆልፏል፤ ከውስጥ የሆነ ሰው ቀስ ብሎ ያንኳኳል። ልከፍት እፈልጋለሁ፤ ግን ጫማውን መሬት ማስቀመጥ የለብኝም። እዚያ ላይ እነቃለሁ።

ኤሽማን ወደፊት ዘንበል አለ። ረሃብተኛ ፊቱን ያኔ ነው ያየሁት።

"ውሃው" አለ፣ "እኛ የማናውቀው የነፍሳችን ክፍል ነው። የሰው ልጅ ሁሉ በየሀገሩ፣ በየተረቱ፣ ጥልቁን ነገር በውሃ ነው የሚመስለው። ቤቱ እርስዎ ነዎት። ከሥር ያለችው ደግሞ ታላቋ እናት ናት፤ የምትወልደውም፣ የምትውጠውም።"

"ዶክተር፣ ሐይቁ ሐይቅ ነው።"

"እንዴት ማለት?"

"ጦርነቱ ሊጀመር ሁለት ዓመት ሲቀረው ከአይንዚደልን ከተማ ወዲያ ያለውን ሸለቆ ለኤሌክትሪክ ገደቡት። ቤታችን እዚያ ነበር። አሁን ውሃ ሥር ነው። ምንም የሚፈታ ነገር የለውም።"

"አውቃለሁ፤ ጋዜጣ አነባለሁ" አለ። "ሕልም ግን ጋዜጣ አይደለም። ነፍስዎ የምትለው ነገር ነበራት፤ የምትልበት ምስል ፈለገች፤ ያንን ሐይቅ አገኘች። ከውስጥ የሚያንኳኳው ማነው?"

"አላውቅም።"

"እርስዎ ነዎት።"

"እኔማ ውጭ ቆሜ ነበር!"

"ውጭም እርስዎ፣ ውስጥም እርስዎ። በሩም እርስዎ ነዎት። ሕልም ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሕልመኛው አንድ ወገን ነው።"

"ጫማውስ?"

"ጫማውም። ሰው የሚቆምበት ነገር ነው፤ የሴትነትዎ አቋም። ይዘውታል እንጂ አላደረጉትም።"

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ጫማ እያሉ ይጥሩኝ።"

አልሳቀም። ጻፈ። አይደለም ባልኩ ቁጥር ይጽፋል፤ አዎ ስል ብዕሩን ያስቀምጣል። በኋላ እንደገባኝ፣ አይደለም ማለት እሱ ዘንድ ስም አለው፤ መከላከል ይባላል። ይበልጥ በጮህኩ መጠን ይበልጥ ልክ ነው ማለት ነው። ብቆጣ፣ ቁጣው ከራሴ የደበቅኩት ጥላዬ ነው። ዝም ብል፣ ዝምታው በሩ ነው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት መጣላት ይቻላል?

አንድ ሐሙስ ልፈትነው ብዬ ሕልም ፈጠርኩ። አንድ ፍየል ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ መስበኪያው ላይ ወጥታ ቄሱ ሲያወርዷት አየሁ አልኩት። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ፍየል አወራልኝ፤ የግሪክ ፍየል፣ የአይሁድ ፍየል፣ የሰይጣን ፍየል። ሲጨርስ፣

"ውሸቴን ነው" አልኩት። "ትራም ውስጥ ነው የፈጠርኳት።"

ፊቱ ይቀላል ብዬ ጠበቅኩ። ሰውየው ፈገግ አለ።

"ውሸቱን የፈጠረው የማን አእምሮ ነው? ለምን ላም አልሆነችም?"

ትራሙን ትቼ በእግሬ ወረድኩ። እየወረድኩ ብቻዬን እሳደብ ነበር።

በየካቲት መጨረሻ መደብሩ ውስጥ አንዲት ባለጠጋ ደንበኛ መጣች። መለኪያ ክፍል ውስጥ ተንበርክኬ፣ አፌ ውስጥ ስድስት ስፒል ይዤ፣ የቀሚሷን ጠርዝ እየለካሁ ነው። ከጓደኛዋ ጋር ከአናቴ በላይ ያወራሉ።

"ማክሰኞ ንግግሩ ላይ አለመምጣትሽ!" ትላለች ደንበኛዬ። "ኤሽማን ተናገረ። አንዲት የተራራ ልብስ ሰፊ አለች አሉ፤ ያልተማረች። ውሃ ሥር ጥቁር ጫማ ይዛ የተቆለፈ በር ላይ ትቆማለች። እንዴት ያምራል መሰለሽ! እኛ እኮ እንዲህ ያለ ሕልም አናይም።"

"ታዲያ ምን ሆነች?"

"ምን ትሆናለች፤ በሩን አልከፍትም ብላለች። ግትር ናት አለ። ሕዝቡ ሳቀ።"

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አውጥቼ መሰኪያ ትራሳቸው ላይ ሰካኋቸው። የቀረውን ጠርዝ ከሠራተኞቼ አንዷ ጨረሰች። እኔ ካፖርቴን ደርቤ ሄድኩ። ሐሙስ አልነበረም፤ ሌላ ታካሚ እሱ ዘንድ ነበረች፤ በሩን ከፍቼ ገባሁ።

"ያልተማረች?" አልኩት።

ታካሚዋን ይቅርታ ጠይቆ አስወጣት። ከዚያ በሩን ዘጋ።

"ስም አልጠቀስኩም፣ ወይዘሪት ኦክስነር።"

"ጫማዬን ጠቅሰዋል!"

"ለዕውቀት ነው። ሕልሙ የእርስዎ ብቻ አይደለም። የሰው ሁሉ ነው።"

"የሰው ሁሉ ከሆነ ሰው ሁሉ ያልምልዎት! እኔ ጋ ምን ያስመጣዎታል?"

"የመጡት እርስዎ ነዎት።"

የሸክላዋን ሴት አንስቼ ልወረውራት ከጀልኩ። እጄ ሄደ፤ ጣቶቼ ግን አልያዟትም። እሱም አየ። አልጻፈም፤ ይህን ብቻ አመሰግናለሁ።

"ያውቃሉ?" አልኩት። "በመጋቢት የበረዶውን ውሃ ለመቀበል ሐይቁን ዝቅ ያደርጉታል። ሠፈራችን ይወጣል። የቤታችን መሠረት፣ የደጃፋችን ድንጋይ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ይምጡና ታላቋን እናት በጫማዎ ይርገጧት። ይምጡና ያንኳኩ!"

አይመጣም ብዬ ነበር።

"የትኛው እሑድ?" አለኝ።

ባቡር ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ከአይንዚደልን በፖስታ አውቶቡስ ሄድን። ሲወርድ ጫማው ላይ የሚደረብ ጎማ አድርጎ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ እንደ ቀብር ተጓዥ ተከተለኝ።

ውሃው ወደ ግድቡ ሸሽቶ ነበር። የቀረው ግራጫ ጭቃ ነው፤ በላዩ ቀጭን በረዶ እንደ መስታወት ተሰባብሯል። የፖም ዛፎቻችን ጉቶ በረድፍ ቆሟል። ኤሽማን ሦስተኛው እርምጃ ላይ እስከ ቅልጥሙ ሰመጠ። ዞሬ ሳላየው የሰማሁት ድምፅ ልቤን አሞቀው።

ቤታችን እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ አራት ማዕዘን ሆኗል። ደጃፉ ግን እንዳለ ነው፤ መሃሉ በእግር ብዛት የጎደጎደው ያ ድንጋይ።

"ይኸውልዎት" አልኩ። "ነፍሴ ናት። አምስት በሰባት ሜትር።"

ባርኔጣውን አወለቀ። ድንጋዩን እያየ ቆየ። ሊናገር ሲል ከላይ ከዳገቱ ጩኸት መጣ።

"ሄይ! እዚያ ማን ነው?"

ታላቅ ወንድሜ ማይንራድ ነበር። የሸለቆው ሰው ሲነሳ ካሳ ተቀብሎ ዳርቻው ላይ አዲስ ቤት ሠርቷል። ቤታችንን ለግድቡ ሰዎች አሳልፎ የፈረመው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት አላነጋገርኩትም፤ የገና ካርድ ሲልክልኝ መልሼ እልክለታለሁ። ዱላውን እየተመረኮዘ ወረደና ሲያውቀኝ ቆመ።

"ቬፊ? አንቺ ነሽ?" አለ። ሙሉ ስሜ ጌኖቬቫ ነው፤ እሱ እንደዚያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። "ይሄስ ማነው? ባል አገኘሽ እንዴ በስተርጅና?"

"ሐኪም ነው።"

"ማን ታመመ?"

"እኔ። ጣቴን።"

"ለጣት ነው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የገባው?"

ኤሽማን ራሱን አስተዋወቀ፤ እጁን ዘረጋ፤ ማይንራድ አልያዘውም። ያኔ ያ ሰው ያደረገውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። "እህትዎ በሕልሟ ይህን በር ታያለች" ብሎ ሕልሙን ከመንገዱ ጀምሮ ለወንድሜ ይነግረው ጀመር።

"ዝም ይበሉ!" አልኩ። አላለም። ጫማው ጋ ሲደርስ ማይንራድ ዱላውን አነሳ፤ የሚመታው መስሎኝ ነበር።

"ቆይ አንተ ሰውዬ። ምን ዓይነት ጫማ?"

"ጥቁር። የሴት።"

ማይንራድ ወደ እኔ ዞረ።

"ነግረሽዋል?"

"ምኑን?"

"ክርስትናውን ነዋ!"

ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

የሆነው እንዲህ ነው፤ ማይንራድ እየጮኸ የተናገረውን እኔ ጸጥ ብዬ ልናገረው። ሸለቆው ሊለቀቅ በተባለበት ሳምንት እናታችን አልወጣም አለች። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ወንበሩን ያዘች። ማክሰኞ ፖሊስ ሊመጣ ነው። ማይንራድ ለምኖ አቃተውና፣ የምትሰማው አንቺን ብቻ ነው ብሎ ጻፈልኝ። እሑድ ከዙሪክ መጣሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አስነሳኋት። ምን አልኳት? የአጎታችን ልጅ ወልዳለች፣ ዛሬ ክርስትና ነው፣ እማዬ ጥቁሩን የክት ጫማሽን አድርጊ አልኳት። ተንበርክኬ እኔው አሰርኩላት። በሩን ቆለፍን። በጋሪ ይዘናት ሴት መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የአረጋውያን መጦሪያ ወሰድናት። ሐሙስ ዕለት፣ ውሃው ከመግባቱ በፊት፣ ወታደሮች ባዶውን ሠፈር አቃጠሉ። እሷ አሥራ አንድ ሳምንት ኖረች። ጫማዋን አላስወልቅም ብላ፣ ከነጫማዋ እየተኛች፣ ክርስትናው መቼ ነው እያለች ትጠይቅ ነበር። እኔ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ አንድ ቀን አልሄድኩም።

"እኔ ወረቀት ላይ ፈረምኩ" አለ ማይንራድ። "አዎ ፈረምኩ! ሠፈሩ ሁሉ ፈርሟል። ያታለልሻት ግን አንቺ ነሽ። በየእሑዱ እየሄድኩ 'ቬፊ ልትወስደኝ ትመጣለች' ስትለኝ የሰማሁ እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት እንደ ሌባ አየሽኝ!"

"ማን ነው ነይ ብሎ የጻፈልኝ?"

"እኔ።"

"ማን ነው ጋሪውን የጫነው?"

"እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ! ሁለታችንም ነን። አንቺ ግን የጠላሽው እኔን ብቻ ነው። ለራስሽ ምንም አላስቀረሽም።"

ኤሽማን ደብተሩን አውጥቶ ነበር። አልጻፈም፤ በእጁ ይዞታል። ዝቅ ብሎ፣

"ያንኳኳው—" ብሎ ጀመረ።

"እናቴ ናት!" አልኩ። "እኔ አይደለሁም፣ ታላቋ እናትም አይደለችም። ስም አላት። ካሮሊና ኦክስነር ትባላለች። ትንሽ ሴት ነበረች፤ ቁመቷ ትከሻዬ አይደርስም።"

"እሺ" አለ። "እናትዎ ናት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ግን በሩን የቆለፈባት ማነው?"

ጥያቄው ትክክል ነበር። ያኔ እሱን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

"ይሄን ሰውዬ ወደ ውሃው ልጨምረው?" አለ ማይንራድ።

"ተወው። ጭቃው ይበቃዋል።"

ተነሳሁና እጄን ዘረጋሁ። "የእኔን ገጾች ይስጡኝ።"

"ሥራዬ ነው፣ ወይዘሪት። ያሉት ሁሉ እዚህ ውስጥ—"

"ስጣት" አለው ማይንራድ። ዱላውን አላነሳም፤ አንድ እርምጃ ብቻ ተጠጋው። ኤሽማን ገጾቹን ቀደደ። ብዙ ነበሩ፤ ሃያ ይሆናሉ። ሳላነብ አጥፌ ኪሴ ከተትኳቸው፤ ማታ ማብሰያው ምድጃ ውስጥ ገቡ።

ማይንራድ ቤቱ ግቡ አላለንም። ዳገቱን ሲወጣ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ አየሁት፤ ስልሳ ዓመት ሊሆነው ነው።

ስንመለስ የኤሽማን አንዱ ጎማ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ባቡሩ ውስጥ ካልሲው ረጥቦ ይንቀጠቀጣል። ከቴርሞሱ ሻይ ቀድቶ አቀረበልኝ። አልጠጣሁም።

ሐሙስ ሄድኩ፤ ልቀመጥ ሳይሆን መጨረሴን ልነግረው።

"በሩ ሲከፈት ነው የሚሄዱት?" አለኝ።

"በር የለም፣ ዶክተር። አቃጥለውታል።"

"ስለ ጫማው ተሳስቼ ነበር" አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደ ጥርስ አመመው።

"ስለ ሐይቁስ?"

"ስለ ሐይቁ አልተሳሳትኩም።"

"ደህና ይሁኑ" አልኩት። እጅ አልተጨባበጥንም። ንግግሩን በኋላ መጽሐፍ ውስጥ አስገባው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጫማ የያዘች ልብስ ሰፊ እንዳለችበት ግን ማንም አልነገረኝም፤ ገዝቼም አላየሁም።

በፀደይ ጠቋሚ ጣቴ ተመለሰ። የመሃሉ እስካሁን ቀን እየመረጠ ነው። ያዳነኝ ኤሽማን ይሁን በእሱ ላይ የተቆጣሁት ቁጣ፣ እስካሁን አልለየሁም።

በሐምሌ ከማይንራድ ካርድ መጣ። ገና አልነበረም። "ድርቆሹ ደርሷል፤ ሰው የለኝም" ይላል፤ ሌላ ምንም። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሄድኩ። አውቶቡሱ ሲያወርደኝ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሻንጣዬን ተቀበለኝና፣ "ከተማ አበላሽቶሻል፤ በዚህ ጫማ ነው ድርቆሽ የምትሰበስቢው?" አለኝ።

"አንተ ምን አገባህ?"

ሁለት ቀን በሰላም ሠራን። ስለ እናታችን አንድም ቃል አልተነሳም። እኩለ ቀን ላይ አይብና ዳቦ፣ ጎምዛዛ የፖም መጠጥ ይዘን ጥላ ሥር እንቀመጣለን፤ እሱ ወዲያ ያያል፣ እኔ ወዲህ። በሦስተኛው ቀን ደመና ሲመጣ ድርቆሹን ከዳገቱ በየት በኩል መከመር እንጀምር በሚለው ተጣላን። እሱ ከላይ ይላል፣ እኔ ከታች። ደደብ አለኝ፤ ግትር በሬ አልኩት። መንሹን ጥዬ ሻንጣዬን ላነሳ ወደ ቤት ሄድኩ። ከኋላዬ፣

"ሂጂ! እንደ ልማድሽ ሂጂ!" ብሎ ጮኸ።

ቆምኩ። ዝናቡ ሊጥል ነው። ተመልሼ መንሹን አነሳሁና ከታች በኩል ጀመርኩ፤ እሱም ከላይ። መሃል ላይ ስንገናኝ ግማሹ ድርቆሽ ረጥቦ ነበር። በማን ጥፋት እንደሆነ እስከ ቅዳሜ ተጨቃጨቅን።